ከመሠረት ድንጋዩ በፊት፦ የመንግሥት ሕንፃዎች ባለቤት ፍላጎት እንዴት ይገለጻል?

የመንግሥት ሕንፃ ግንባታ ሲጓተት ወይም ከተያዘለት በጀት በላይ ሲጠይቅ በቅድሚያ ጣት የሚቀሰረው በሥራ ተቋራጩ ላይ ነው። ቀጥሎም የሲሚንቶና የብረት ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የአማካሪ መሐንዲሱ ድክመት በምክንያትነት ይነሣሉ። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ይሁንና የፕሮጀክቱ ማህደር ወደ ኋላ እየተገለጠ ሲመረመር የችግሩ ምንጭ ጨረታ ከመውጣቱና የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የነበረው ጊዜ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በዚያ ጊዜ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ሕንፃ፣ ለማን፣ ለምን አገልግሎትና በምን ያህል ወጪ እንደሚፈልግ ለዲዛይን ባለሙያው መንገር ነበረበት። አልነገረም፤ ወይም የነገረው በግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ይህ ዘጋቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ የተገነባ ባለ አራት ፎቅ የአስተዳደር ሕንፃ ርክክብን ለመዘገብ ተገኝቶ ነበር። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ የሚያኮራ ነው። ሪባኑ ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ እንግዶቹ ወደ ምሳ ግብዣው ሲያመሩ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ዘጋቢውን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይዘውት ወጡ። ለመዝገብ ቤት የተሰጠው ክፍል ሰፊና ብርሃን ያለው ቢሆንም የብረት መደርደሪያዎቹ የተሞሉት እስከ ግማሻቸው ብቻ ነበር። ወለሉ ከዚያ በላይ እንዳይጫንበት ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ አስጠንቅቋል። የቀረው ማህደር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሕንፃው ሊፍት ስለሌለው ጉዳያቸውን ለማስፈጸም የሚመጡ አረጋውያን እስከዚያ ድረስ ደረጃ መውጣት ይኖርባቸዋል። ዲዛይኑ ሲሠራ ስለ መዝገብ ቤቱ የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ኃላፊዋ ለዘጋቢው ገልጸውለታል።

በአውሮፓ የግንባታ ኮድ መሠረት የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኒውተን ጭነት እንዲሸከም ሲታሰብ፣ የመጻሕፍትና የሰነድ ማከማቻ ወለል ግን 7.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 750 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንዲሸከም ይጠበቃል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ዲዛይነሩ ክፍሉን እንደ ማንኛውም ቢሮ ቆጥሮ አሰላው፤ በተሰጠው ደብዳቤ ላይ የሰፈረው የቢሮዎች ብዛት ብቻ ነበርና። መዝገብ ቤቱ መሬት ላይ በሚያርፈው የመጀመሪያ ወለል እንዲሆን የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ቢኖር ኖሮ ችግሩ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይወገድ ነበር። የደረጃው ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገለገሉና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያና መተላለፊያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕጉ እያለ ጥያቄውን ያነሣ ግን አልነበረም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዲዛይን አገልግሎት ሲገዛ ከጨረታ ሰነዱ ጋር ቢጋር ይያያዛል። ቢጋር አማካሪው ምን ምን ሥራ እንደሚያከናውን፣ ስንት ቅጂ ሰነድ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚመድብ ይወስናል። ሕንፃው ራሱ ምን አገልግሎት መስጠት እንዳለበት መግለጽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የአማካሪው ግዴታ፣ ሁለተኛው የባለቤቱ ፍላጎት ነው። በተግባር ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ቢጋሩ ከተሟላ ፍላጎቱም የተገለጸ ይመስላል። ይባስ ብሎም ቢጋሩ ካለፈው ፕሮጀክት ተቀድቶ ስሙ ብቻ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ቅጂው ጥንቃቄ የጎደለው ሲሆን የቀድሞው ፕሮጀክት ስም በአንደኛው ገጽ ላይ ሳይሠረዝ ቀርቶ ይታያል።

በሙያው ዓለም ይህ ልዩነት ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው አርክቴክት ዊልያም ፔኛ ከባልደረባቸው ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ የባለቤቱን ፍላጎት መለየት ችግሩን መፈለግ፣ ዲዛይን መሥራት ደግሞ ችግሩን መፍታት እንደሆነ አስረድተዋል። እንደ እርሳቸው አካሄድ አስቀድሞ ግቡ ይወሰናል፣ መረጃ ይሰበሰባል፣ ሐሳቦች ይፈተሻሉ፣ አስፈላጊ የሆነው ነገር ከምኞቱ ተለይቶ ከበጀቱ ጋር ይመዛዘናል፤ በመጨረሻም ችግሩ በግልጽ ቃል ይቀመጣል። እርሳስ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በብሪታንያም የንጉሣዊው አርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲጠቀምበት የቆየውን የሥራ ቅደም ተከተል በ2013 ሲያሻሽል ከሁሉም በፊት የሚመጣ "ዜሮ" የተባለ ደረጃ ጨምሯል። በዚያ ደረጃ የሚነሣው ጥያቄ ለመሆኑ አዲስ ሕንፃ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። ነባሩን ማደስ፣ ቦታ መከራየት ወይም የአሠራር ለውጥ ማድረግ ችግሩን ሊፈታው ይችላል። ይህንን ጥያቄ በድፍረት የሚያነሣ የሥራ ኃላፊ በእኛ አገር ብዙ አያጋጥምም፤ ሕንፃ ያስገነባ እንጂ ሕንፃ ያስቀረ ሲመሰገን አይታይምና።

በመንግሥት ፕሮጀክት ፍላጎትን መግለጽ አስቸጋሪ የሚሆንበት ዋነኛ ምክንያት ባለቤቱ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ለራሱ ቤት የሚሠራ ግለሰብ ከፋዩም፣ ወሳኙም፣ ነዋሪውም እርሱ ነው። በመንግሥት ሕንፃ ግን ገንዘቡን የሚፈቅደው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ውሉን የሚፈርመው ሌላ፤ ግንባታውን የሚከታተለው ሦስተኛ ነው። በሕንፃው ውስጥ የሚውሉት ነርሷ፣ መምህሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ባለ ጉዳዩ ደግሞ በአብዛኛው በየትኛውም ስብሰባ ላይ አይጠሩም። ከርክክብ በኋላ ቧንቧውንና ኤሌክትሪኩን የሚጠግነው ባለሙያ ጨርሶ አይታወስም። ዲዛይነሩ የሚያገኘው መልእክት ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተጣራ ሳይሆን በዕለቱ በስብሰባው ላይ የተገኘው ኃላፊ የተናገረው ይሆናል።

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው ግንባታ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሰፊ መርሐ ግብር ሲያድግ ነዋሪው በዕጣ የሚለይ በመሆኑ ዲዛይነሮቹ ሊያነጋግሩት የሚችሉት የታወቀ ባለቤት አልነበረም። ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ የተከፋፈሉት ቤቶች የተሠሩት ማን እንደሚገባባቸው ሳይታወቅ ነው። የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች የከተማውን ሕዝብ አኗኗር ከግምት ለማስገባት መሞከራቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም። በግ ማረድ፣ ለድግስ መጥበስና መቀቀል፣ ብዛት ያለው እንጀራ መጋገር በአንድ ጠባብ ማዕድ ቤት እንደማይሆን ተገንዝበው በየመንደሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲኖር አደረጉ። ይህ ከጠረጴዛ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሰው እንዴት እንደሚኖር ከማወቅ የመጣ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንዳንድ መንደሮች የጋራ መገልገያው ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ዘግይቶ ደረሰ፤ በሌሎች ደግሞ ለተለየ አገልግሎት ዋለ። ከሰሉ ወደ በረንዳ ወጣ፣ በርበሬው በደረጃ መተላለፊያው ላይ ተሰጣ፣ የለቅሶና የሠርግ ድንኳን ለመኪና ማቆሚያ በተተወው ቦታ ተተከለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል እንደሚወስድ ሲታሰብ በአንድ ሕንፃ ያሉ አባወራዎች በበዓል ዋዜማ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥዱ መስመሩ ምን ያህል ጭነት እንደሚያርፍበት መገመት አያዳግትም። እዚህ ላይ ፍላጎቱ አልተለየም ማለት አይቻልም። ፍላጎቱን ከወረቀት ወደ ግንባታ፣ ከግንባታም ወደ አስተዳደር ይዞ የሚዘልቅ ኃላፊነት የተሰጠው አካል አልነበረም። የፍላጎት መግለጫ ለዲዛይነሩ ከተሰጠ በኋላ በመሳቢያ የሚቀመጥ ከሆነ ከግማሽ ገጹ ደብዳቤ ብዙም አይሻልም።

በጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች ግንባታ የተለመደው አማራጭ ወጥ ዲዛይን ነው። ወጥ ዲዛይን አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ የሚያገለግል የፍላጎት መግለጫ ነው ማለት ይቻላል። ወጪና ጊዜ ይቆጥባል፤ በየወረዳው ያለውን የባለሙያ እጥረትም ያቃልላል። ነገር ግን ለደጋው ታስቦ የተሠራ መስኮትና ጣሪያ በአፋር ቆላ ሲተከል የሚያስከትለውን ሙቀት በክፍሉ ውስጥ የዋለ ተማሪ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ በወጥ ዲዛይን ውስጥ ያለ ስሕተት በአንድ ቦታ አይቀርም፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕንፃዎች ይባዛል። ስለሆነም ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን ዙር ሕንፃዎች የሚጠቀሙትን ሰዎች ሄዶ መጠየቅ ግዴታ መሆን ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለት ባለሙያ የሁለት ሳምንት የመስክ አበል ነው። በበጀት ጥያቄ ውስጥ ግን ሲካተት አይታይም።

የፍላጎት መግለጫ ጉድለት የድሀ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያው ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ የዲዛይን ውድድር ሲወጣ ትልቁ አዳራሽ ለሲምፎኒ ሙዚቃም ለኦፔራም እንዲያገለግል ተጠይቆ ነበር። ሁለቱ የሚፈልጉት የድምፅ ሁኔታ ይለያያል፤ ኦፔራ በተጨማሪ ሰፊ የመድረክ ማሽን ያስፈልገዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም በጊዜው አልተወሰነም። ግንባታው ዲዛይኑ ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀመረ። አርክቴክቱ ዮርን ኡትሶን በ1966 ሥራውን ለቀው ከሄዱ በኋላ ትልቁ አዳራሽ ለሙዚቃ ኮንሰርት ብቻ እንዲሆንና ኦፔራው ወደ ትንሹ እንዲዛወር ተወሰነ። ተገዝቶ የተተከለው የመድረክ ማሽን ተነቅሎ ወጣ። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቶ የነበረው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። ዛሬ ሕንፃው የዓለም ቅርስ ነው፤ ትንሹ አዳራሽ ለኦፔራ የማይበቃ መሆኑም አብሮ ይነገራል።

ለመንግሥት ኃላፊዎች ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የስኮትላንድ ፓርላማ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የመንግሥት ሰነድ ወጪው ከ10 እስከ 40 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚሆን ተገልጾ ነበር። ሕንፃው ከታቀደለት ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ በጥቅምት 2004 ሲመረቅ 414 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል። ሥራውን የጀመረው ባለቤት የስኮትላንድ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1999 ኃላፊነቱ አዲስ ለተቋቋመው ፓርላማ አስተዳደር ተላለፈ። አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ የራሳቸው ፍላጎት ነበራቸው፤ የጉባኤ አዳራሹ ዲዛይን እንዲለወጥ፣ ተጨማሪ ቦታ እንዲኖር ጠየቁ። በሎርድ ፍሬዘር የተመራው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት ባለቤቱ ሕንፃውን ቶሎ ለማየት ካለው ጉጉት የተነሣ ይህ በወጪውና በጊዜው ላይ የሚያስከትለውን እንዳልተረዳ፣ የተመረጠው የውል ዓይነትም ለወጪው መናር ትልቅ ድርሻ እንደነበረው አመልክቷል። ውሉ ዲዛይኑ ሳይጠናቀቅ ግንባታውን ለመጀመር የሚያስችል፣ የዋጋውንም ሥጋት በባለቤቱ ላይ የሚጥል ነበር።

ከእነዚህ ጋር ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ዲዛይን በ18 ወራት ያህል ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። ለማን እንደሚሠራ የታወቀ ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ለተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ምን አገልግሎት እንደሚሰጥና መቼ እንደሚደርስ የታወቀ ነበር። የሚወስነውም አንድ አካል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በዚያ ዘመን የነበረው የአንድ ሰው ውሳኔ ለዛሬ አሠራር አርአያ ይሁን ለማለት አይደለም። ሆኖም ዲዛይነሩ የሚሰማው ድምፅ አንድ መሆኑ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀልል ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ይኸው አዳራሽ ከታደሰ በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በእድሳቱ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልና የቀድሞው ይዞታ ተጠብቀው አዳራሹ የዛሬውን የስብሰባና የደኅንነት መስፈርት እንዲያሟላ ተደርጓል።

ፍላጎት በግልጽ ሳይቀመጥ ውል ሲፈረም ሒሳቡ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በተለምዶው ውል ጥያቄው የሚመጣው በለውጥ ሥራ ትዕዛዝ መልክ ነው፤ ግድግዳ ፈርሶ ይገነባል፣ ተጨማሪ ጊዜ ይጠየቃል፣ የዋጋ ማስተካከያ ይከተላል። ዲዛይንና ግንባታ በአንድ ውል በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ለዲዛይንና ግንባታ የሚያገለግል ውል የአሠሪው ፍላጎት መግለጫ ራሱን የቻለ የውሉ አካል ነው። በመግለጫው ውስጥ ልምድ ያለው ተቋራጭ እንኳ በጥንቃቄ መርምሮ ሊያገኘው የማይችለው ስሕተት ካለ የሚያስከትለው ወጪና የጊዜ ማራዘሚያ የአሠሪው ዕዳ ይሆናል። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ይዞ እንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ የሚገባ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ግልጽ ነው።

ሁሉንም ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ትክክል ነው። ተጠቃሚ ሲጠየቅ ከሚያስፈልገው በላይ እንደሚዘረዝርም የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ የሥራ ሂደት የራሱን አዳራሽ፣ እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱን መጸዳጃ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው አለመጠየቅ አይደለም። ከተጠየቀ በኋላ ከበጀት ጣሪያው ጋር አመዛዝኖ የቱ እንደተያዘ፣ የቱ እንደተተወና ለምን እንደሆነ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። በሰነዱ ላይ ስሙን ጽፎ የሚፈርም አንድ ኃላፊ ሊኖር ይገባል። ኮሚቴ ሐሳብ ሊያመነጭ ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ስለ አንድ ክፍል ስፋት ተጠያቂ የሚሆን ግን ኮሚቴ አይደለም። ከፊርማው በኋላ የሚመጣ ማናቸውም የለውጥ ጥያቄ ከነዋጋው ለዚያው ኃላፊ ቢቀርብ ብዙው ጥያቄ በዚያው ይቀራል።

ለዚህ የሚሆን የሕግ መሠረት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደርና አመራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ፕሮጀክቶች በጀት ከማግኘታቸው በፊት በጥናትና በግምገማ እንዲያልፉ ይጠይቃል። እንቅፋቱ የበጀት ዓመቱ ነው። የካፒታል በጀት በሐምሌ ይፈቀዳል፤ ምደባውና ደብዳቤው ተጻጽፎ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ያልፋል። ሰኔ ሲቃረብ ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ ሩጫ ይጀመራል። በዚያ ሩጫ ውስጥ የዲዛይን ጨረታ በሦስት ሳምንት ይወጣል፣ ቢጋሩ ከቀድሞው ይቀዳል፣ ተጠቃሚውን ለመጠየቅ ጊዜ ይታጣል። የፍላጎት ጥናቱ ከግንባታው በፊት ባለው የበጀት ዓመት ራሱን ችሎ አነስተኛ በጀት ቢያዝለት የሚታጣው አንድ ዓመት ነው፤ የሲድኒው ሕንፃ በ1963 ያልቃል ተብሎ አሥር ዓመት ዘግይቷል።

ዘጋቢው ባለፈው ዓመት ያችን የክልል ከተማ ለሌላ ሥራ ሲያልፍባት ወደ አስተዳደር ሕንፃው ጎራ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ፎቅ ያለው ክፍል መደርደሪያዎቹ ተነሥተውለት የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል። መዝገብ ቤቱ ከሕንፃው ጀርባ በቆርቆሮ ወደተሠራ መጋዘን ተዛውሯል፤ አረጋውያኑ ደረጃ መውጣት ቀርቶላቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ጣሪያው ስለሚያፈስ ሠራተኞቹ ማህደሮቹን በላስቲክ ይሸፍናሉ።